ያልተሰነጠቀው ድንጋይ

መስከረም 18

ይድረስ ለወንድሜ ባለቤት፣ ለእህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ያንቺን ጤና እጠይቃለሁ። አንቺ ደህና ነኝ ካልሽኝ የቀረውን ቤተሰብ ሳልጠይቅ አውቀዋለሁና። ወንድሜስ? ያ የሚነዳው አውቶቡስ አሁንም ወገቡን እየቆረጠው ነው? እማዬ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፋት እንዳትዪ። ስልክ የምታነሺው እማዬ አጠገብሽ ተቀምጣ ነው፤ የምነግርሽ ደግሞ እሷ መስማት የሌለባትን ነገር ነው። ደንግጠሽ ከሆነ ተረጋጊ፣ ደስ የሚል ነው። የእማዬን ኩሽና ላሳድስላት ነው።

የምሠራበትን ሱቅ ነግሬሻለሁ። ሰው ለኩሽናውና ለመታጠቢያ ቤቱ ድንጋይ የሚመርጥበት ነው። በቀን ስንት ባልና ሚስት ፊቴ እንደሚጣላ ብታይ! እሱ ጥቁር ይላል፣ እሷ ነጭ ትላለች፣ እኔ መሐል ገብቼ አስታርቃለሁ። የማስታርቃቸውም ሁልጊዜ በአንድ ድንጋይ ነው፤ እንደ ወተት በነጣ ኳርትዝ ላይ ደማቅ ግራጫ መስመር በሚሄድበት። መስመሮቹን እኛ ደም ሥር እንላቸዋለን። ቀጫጭን ደም ሥር ያለው አለ፤ እሱ ዓይን አፋር ነው፣ ራቅ ሲሉ ይጠፋል። እኔ የምወደው ደፋሩን ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ወንዝ የሚጋልበውን። ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሱ ነው።

ኳርትዝ እንደ እምነ በረድ አያስቸግርም። እምነ በረድ ሎሚ ይበላዋል፣ ዘይት ይጠጣል። ይኼኛው ግን የተፈጨ ድንጋይ ከማጣበቂያ ጋር ፋብሪካ ውስጥ ታምቆ የሚሠራ ስለሆነ ምንም አይጠጣም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው። ከእሳት የወረደ ድስት በቀጥታ አይቀመጥበትም እንጂ ሌላ አመል የለውም።

እማዬ ዕድሜ ልኳን በዚያ በተሸራረፈ ሲሚንቶ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኔ ላይ አለች። እኔ ደግሞ እዚህ ለማላውቀው ሰው ቤት ድንጋይ ስመርጥ እውላለሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨምርም።

እባክሽ ኩሽናውን ለኪልኝ፦ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ከወለል ያለውን ከፍታ። ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባም ጻፊልኝ። ትንሽ ናሙና ፖስታው ውስጥ አለ። ለእማዬ እንዳታሳዪያት!

ሁላችሁንም በያላችሁበት እቅፍ አድርጌ የምስም፣ ሩቅ ያለችው እህታችሁ።


ጥቅምት 20

ለማትረሺን እህቴ፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽም አውቶቡሱም እያቃሰቱ ይሠራሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚወልቅ አብረን እናያለን። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፌት ላይ ነኝ። ቤቱ ሁሉ ሰማያዊ ክር ሆኗል፤ ወጥ ውስጥ ሳይቀር ክር እየወጣብን ነው።

ኩሽናውን በልብስ ሜትሬ ለካሁልሽ። የድንጋይ ወገብና ደረት እለካለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እማማ መጥተው "ምን እያደረግሽ ነው?" ሲሉኝ "ለኩሽናው ቀሚስ ልሰፋለት ነው" አልኳቸው። ዞር ዞር ብለው አዩትና "ሱሪ ይሻለዋል፣ እግሩ ቀጭን ነው" አሉኝ። እስኪያመኝ ሳቅሁ። መስኮቱ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብላ ጠረጴዛው ላይ ታርፋለች።

ናሙናውን አየሁት። ያምራል፣ አላብልሽም። ግን ሳትቀየሚኝ አንድ ነገር ልበል። መስመሩ ትንሽ አልበዛም? ጸጥ ያለ፣ ወጥ ቀለም ያለው ቢሆንስ? የግድ ነጭ ባይሆንም፣ ክሬም ቢጤ። የእማማ ዓይን እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዳንድ ጠዋት "ዛሬ ጉም ነው" ይላሉ፣ ውጭው ፀሐይ ሆኖ። ይረሳሉም ትንሽ ትንሽ። ማን የማይረሳ አለ? እኔስ መቀሱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስፈልገው እውል የለም?

ብቻ ሙያው ያለሽ አንቺ ነሽ፤ እንደመሰለሽ አድርጊ።

ጤናሽን ጠብቂ። ልብስ ሰፊዋ እህትሽ።


ኅዳር 12

ለውዷ እህቴ፤

እንዴት ከረማችሁ? ልኩ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ልብስ ሰፊ የለካው ድንጋይ ልክክ ይላል ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ተናግሬያለሁ።

ስለ ቀለሙ ያልሽውን አሰብኩበት። ግን ወጥ ቀለም ለመሥሪያ ቤት ነው፣ ወይ ለሆስፒታል። እማዬ ስንት ዘመን ግራጫ ሲሚንቶ ስታይ ኖራ አሁንም ዝም ያለ ነገር ላምጣላት? ዓይኗ ደከመ ካልሽ ጭራሽ ደማቁ ነው የሚያስፈልጋት። ቤቱ የናንተ መሆኑን አውቃለሁ፤ እናትነቷ ግን ለኔም ነው። በክፉ አትይዢብኝ።

ይኸው መርጫለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ድንጋዮቹ እንደ መጽሐፍ ቆመው ተደርድረዋል፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት በመሐላቸው ስመላለስ ዋልኩ። በትንሽ ናሙና መምረጥ ሞኝነት ነው፤ ሙሉው ካልታየ ደም ሥሩ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። የናንተ ትልቁ መስመር ከማጠቢያው ጀምሮ በሰያፍ ይወርዳል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ታጥፎ እስከ ወለሉ ይቀጥላል። ሁለቱ ጠፍጣፋዎች ሲገናኙ መጋጠሚያው እንዳይታወቅ መስመር ከመስመር አጋጥሜዋለሁ። እዚያ ያለው ወኪላችን ቆርጦ ይገጥምላችኋል፤ በኔ በኩል ሁሉም ተጨርሷል።

"ከኔ በፊት ድንጋዩ ይደርሳል" ብለሽ ለእማዬ ንገሪያት። አይ፣ ምስጢር ነው ለካ!

የምትወድሽ እህትሽ።


ጥር 6

ለእህቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ድንጋዩ ከገባ ሰንብቷል።

አራት ሰው ተሸክሞት መጣ። ገጣሚዎቹን የሚያዝዘው ሰውዬ "ውሃ ልክ" ይባላል፤ በሙያ መሣሪያው ነው ስሙን ያወጡለት። ውሃ ልኩን ሳያስቀምጥ ወንበር ላይ እንኳን አይቀመጥም። "ቤታችሁ ወደ ጎረቤት ዘንበል ብሏል" አለን። ወንድምሽ "እኛም እንደዚያው" አለው።

ያምራል። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ፤ አንዷ መዳፏን ጭና "እንደ መስተዋት" ስትል ዋለች። እማማ ብዙ አልተናገሩም፤ ደስታው ይሆናል። ፎቶ ልኬልሻለሁ።

ዩኒፎርሙ ስለተጠራቀመብኝ አሳጥሬ ጻፍኩ።

እህትሽ።


ጥር 28

ለውዷ እህቴ፤

ሺ ዓመት ኑሪልኝ! ፎቶውን ሳይ ሱቅ ውስጥ ጮህኩ። አለቃዬ አስተልቆ አሳትሞት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ደንበኛ ሲመጣ "ይኼ የናቴ ኩሽና ነው፣ ራሴ ነኝ የመረጥኩት" እላለሁ። ይኼን ስል እንዴት ደረቴ እንደሚነፋ!

ሲተልቅ ግን አንድ ነገር አየሁ። የእማዬ ቀኝ እጅ ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ቢላ ነው? ተቃጥላ ነው? ስልክ ስደውልም አልቀናኝም፤ አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ጎረቤት ሄዳለች እባላለሁ። ድምጿን ከሰማሁ ቆየሁ።

እባክሽ ሥራ ላይ ሳለች አንድ ፎቶ አንሺልኝ። አዲሱ ድንጋይ ላይ ስትከትፍ ማየት ነው የምፈልገው።

እህትሽ።


መጋቢት 15

እህቴ፤

ደህና ነሽ? መልስ ስጠብቅ ከረምኩ። ወንድሜን ስጠይቀው "ደህና ናት" ይለኛል፤ እንደ አውቶቡሱ ቲኬት ሁሌ አንድ ዓይነት። በቀለሙ ነገር አስቀይሜሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ እንታረቅ። ዝምታሽ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።


ሚያዝያ 3

ለእህቴ፤

ጤናና ብርታት ይስጥሽ ብዬ ልጀምር፤ ይህን ካነበብሽ በኋላ ሁለቱም ያስፈልጉሻል።

አላስቀየምሽኝም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም።

እማማ ታመዋል። የሚያስተኛ ሕመም አይደለም፤ የመርሳት ነው። ሐኪሙ ባለፈው ክረምት ነግሮናል፤ እየሄደ እየባሰ እንደሚመጣም አልደበቀንም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እናውቅ ነበር። ወንድምሽ "ሩቅ ላለ ሰው ይህን መንገር እጁን አስሮ እሳት ማሳየት ነው፤ ተይ" አለኝ። ሁሉንም በሱ ላሳብብ እችላለሁ። እውነቱ ግን ኩሽናውን እኔም ፈልጌው ነበር። እኔም እኮ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው የኖርኩት። ብነግርሽ ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ወጥ ቀለም ይሁን ብዬ በጎን በጎን ሞከርኩ፤ እንቢ ስትዪ ደግሞ "እኔ ተናግሬያለሁ" ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በልቤ ግን እሰይ ነው ያልኩት።

ድንጋዩ የገባ ዕለት ሰዉ ሲያደንቅ እማማ ጥግ ቆመው ያዩ ነበር። ሰዉ ሲወጣ ጠሩኝና ትልቁን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ፣ "ይኼ መቼ ነው የተሰነጠቀው?" አሉኝ።

"ስንጥቅ አይደለም እማማ፣ ጌጡ ነው።"

"እህ" አሉ። በማግስቱ ያንኑ ጠየቁኝ። ከዚያ መጠየቁን ተዉና "ቆሻሻ ነው፣ ይለቃል" እያሉ መፈተግ ጀመሩ። መጀመሪያ በጨርቅ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ኋላ በድስት ሽቦ። ጠዋት ፀሐይዋ ስትገባ መስመሩ ይጎላል፤ ያን ጊዜ ነው የሚብስባቸው። የጣታቸው ቆዳ ተላጠ። ሽቦውን ስደብቅባቸው በጥፍራቸው ያዙ። ያ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ዛሬ መሐሉ ላይ ደብዝዟል። ልክ የሚሆን ጨርቅ ሰፍቼ አለበስኩት፤ የታመመ ልጅ ላይ ያለ ብርድ ልብስ እንደሚገለጥ ቀስ አድርገው እየገለጡ ያዩታል።

ፎቶውን ሳነሳልሽ "እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉት" ብያቸው ነበር። ረሱ።

ከሁሉ የባሰውን ልጻፍ። አሁን ቆሻሻ ነው ማለት ትተዋል። "እኔ ነኝ የሰነጠቅኩት" ነው የሚሉት። "ልጄ ከዚያ ሁሉ አገር የላከችውን ሰበርኩባት።" ስልክ የማያናግሩሽ አፍረውሽ ነው። ስልኩ ሲጮህ ተነስተው ጓዳ ይገባሉ፣ በሩንም ይዘጋሉ።

አልተሰነጠቀም ብለን ብንምል ብንገዘት አልሆነም። ጥፋት የለብዎትም ስንላቸው ጭራሽ ይጨንቃቸዋል፤ ቁጣውን የደበቅንባቸው ይመስላቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። አንቺ ራስሽ "ይቅር ብዬሻለሁ" ብትያቸው። ይኼን ማለት ምን ያህል እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ግን የሚጠብቁት እሱን ነው።

ድንጋዩንስ ላስነሳው? ያንቺ ስጦታ ነውና ሳትፈቅጂ እጄን አላነሳበትም።

በደለኛዋ እህትሽ።


ሚያዝያ 19

እህቴ፤

ሰላምታ እየጀመርኩ ስንት ወረቀት ቀደድኩ። ያለ ሰላምታ ተቀበዪኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ሰው ሁሉ ያወቀውን የራሴን እናት ነገር እኔ መጨረሻ ሰማሁ። ልጽፍልሽ ያሰብኩትን ብትሰሚ ዳግመኛ አታናግሪኝም ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና እጄ ቆመ። አምና ስልክ ላይ እማዬ በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። "አክስቴ ብትሰማሽ ታኮርፋለች" ብዬ ሳቅሁ። በሌላ ጊዜ እንደገና በዚያው ስም ጠራችኝ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም፤ "ሰው እየጠራኝ ነው" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ማንም አልጠራኝም ነበር። አንቺ ደበቅሽኝ እላለሁ እንጂ ላለመስማት የቸኮልኩት እኔው ነኝ። ድንጋይ መምረጥ ይቀላል። ድንጋይ ማን ነሽ አይልም።

ይቅር ብዬሻለሁ ልበላት? ያልበደለችኝን? እግሯ ላይ መውደቅ ያለብኝ እኔ ሆኜ ሳለ እንዴት አፌ ይታዘዝልኛል? ቢሆንም ሞከርኩ። እሑድ ደወልኩና ወንድሜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዲያደርግላት ለመንኩት። አተነፋፈሷን ሰማሁ። "እማዬ" ስላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለሱ፣ "ቤት የለችም በላት" አለችው።

ስለዚህ እመጣለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ አለቃዬ ፊቱን ቢያጠቁርም ሰጥቶኛል። ለውሃ ልክ ደውዬለታለሁ። ሌላ ድንጋይ መርጫለሁ፤ ክሬም፣ አንድም መስመር የሌለበት፣ የመስኮቱ ብርሃን እንዳይፈነጥቅበት ፊቱ ደብዘዝ ያለ። ጠረጴዛው የት እንደሚያልቅ እንድታውቀው ጠርዙ ብቻ ጠቆር ይላል። በጥቅምት የነገርሽኝ ይኼንኑ ነበር።

የምፈራው አንድ ነገር አለ። አልጽፈውም፤ አንቺም አትመልሺልኝ።


ሰኔ 25

ለእህቴ፤

በሰላም ገባሁ። እስክሳፈር ድረስ ቆመሽ ስትሸኚኝ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ መጣና ዘጋሁት። አሁን ልንገርሽ። ለሱ ግን አትንገሪው፤ እሱ "ደህና ናት" ብሎ መኖር ካልቻለ ይሰበራል።

የደረስኩ ምሽት የሆነውን አይተሻል። እማዬ እንደ ማንኛውም እንግዳ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ፣ "መንገዱ አደከመሽ?" አለችኝ፣ ወንበር ሳበችልኝ። አንቺ ፊትሽን አዙረሽ ዕቃ ማጠብ ጀመርሽ፤ ዕቃው ግን ታጥቦ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንቺ ዩኒፎርሙን ልታስረክቢ ሄድሽ፣ ወንድሜም ሥራ ገባ። እኔ ኩሽና ገብቼ ያንን ድንጋይ አየሁት። መዳፌን ጭኜ፣ ጎንበስ ብዬ በፊቱ አግድም አየሁ፤ ሱቅ ውስጥ እንደማደርገው። ቀና ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ድንጋዩን የሰጡን ሰዎች ጋር ነው የምትሠሪው?" አለችኝ።

ምን ልበል? እውነት ነው። "አዎ" አልኩ።

"በሩን ዝጊው እስቲ።"

ዘጋሁት። ተጠግታ እጄን ያዘችና በሹክሹክታ፣ "ሰንጥቄዋለሁ" አለችኝ። "ሆን ብዬ አይደለም። እንዴት እንደሆነም አላውቅም። ልጄ ናት የላከችልኝ።"

"አልተሰነጠቀም፣ እርስዎ ምንም አላደረጉም" አልኳት። እርስዎ አልኳት፣ ታምኚያለሽ? በሕይወቴ እናቴን አንቺ እንጂ እርስዎ ብያት አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

አዘነችልኝ። "ዓይንሽ ደህና አይደለም እንዴ፣ የኔ ልጅ?" አለች። እንዲህ በሐዘን መሐል ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ጣቴን ይዛ በትልቁ መስመር ላይ ከማጠቢያው ጀምሮ እስከ ጫፉ ነዳችው። የኔው መስመር፤ ከሰዓቱን ሙሉ ዞሬ የመረጥኩት። ከጣቷ ጋር ስከተለው እውነትም ስንጥቅ ነበር።

"አየሁት" አልኳት። "ይስተካከላል። ሌላ እንቀይርልዎታለን።"

"ልጄ ሳታውቅ?"

"ሳታውቅ።"

"አትነግሪያትም?"

"አልነግራትም።"

"ማይልኝ።"

"በምን ልማል?"

"በእናትሽ ነዋ!" አለችኝ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቅኩ ሁሉ።

ማልኩላት። ፊቷን እያየሁ "እናቴ ትሙት፣ ለልጅዎ አልነግራትም" አልኩ። ትከሻዋ ወረደ። ቁጭ አለችና ለረጅም ጊዜ ያልተነፈሰች ይመስል ተነፈሰች። ከዚያ ደግሞ ጨዋታ አማራት። "እናትሽ በሕይወት አለች?" አለችኝ። "አለች" አልኳት። "ትጠይቂያታለሽ?" ስትለኝ የቀሚሴን ጫፍ ማጣጠፍ ያዝኩ። እሱን አይታ ይሆን፣ እንጃ፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና "የኔዋም ሩቅ ናት። ክፉ ሆና እንዳይመስልሽ" አለች።

ልከላከልላት የመጣሁላት እናቴ እኔኑ ለራሴ ተከላከለችልኝ። ያን ጊዜ "እማዬ፣ እኔ ነኝ" ልላት ተነሳሁ። ግን ብላት የሰነጠቀችውን ያየሁባት ልጇ ልሆን ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የቀረውን ታውቂያለሽ። ውሃ ልክ መጥቶ አሮጌውን ነቀለ፣ አዲሱን ገጠመ፤ እሷም ወንበሯን አምጥታ እስኪጨርስ አጠገቡ ቁጭ አለች። አንቺ "ለምን እንዲህ ተደሰቱ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "ወጥ ቀለም ስለወደዱ" ያልኩሽ ውሸት ነበር።

እዚህ ስመለስ ፎቶውን ከሱቁ ግድግዳ ላይ አነሳሁት። አሁን ደንበኛ ደፋሩን መስመር ሲመርጥ "ከናንተ ጋር ማን ይኖራል? ዓይናቸውስ እንዴት ነው?" እያልኩ እጠይቃለሁ። አለቃዬ ሐኪም ሆንሽ እንዴ ይለኛል። ይኼ ግን ምንም አያቀልልኝም። ለእናቴ በእናቴ ስም ማልኩላት፤ ያን ሁሉ ቀን አብሬያት ውዬ ልጇ ሳልሆን ተመለስኩ። ትክክል ሠራሁ ወይስ ሁለተኛ በደልኳት? አንቺ ንገሪኝ፤ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ።

እህትሽ።


ሐምሌ 30

ለእህቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ልብሽ ይድረስሽ። ዝናቡ ጠንቶብናል፤ ወንድምሽ መንገድ ሳይሆን ወንዝ ነው የምነዳው እያለ ነው። ለሱ አልነገርኩትም። አልነግረውምም።

ትክክል ነው አይደለም ብዬ የምፈርድብሽ እኔ ማነኝ? ያየሁትን ብቻ ልጻፍልሽ።

ጣታቸው ድኗል፤ አዲስ ቆዳ አውጥቷል። ጠዋት ተነስተው ክሬሙ ድንጋይ ላይ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ አንዳንዴ የተከተፈውን ደግመው ይከትፉታል እንጂ አይፈትጉም። ስልኩንም ራሳቸው ያነሳሉ። ባለፈው ሲያናግሩሽ ከማሽኑ ላይ ቀና ብዬ ሰማኋቸው፤ "ኩሽናዬ ምንም አልሆነም፣ እንደላክሽው ነው!" ሲሉሽ። አንቺ ምን እንዳልሻቸው አላውቅም። ብቻ ከዘጉ በኋላ ሲያንጎራጉሩ ዋሉ።

መርሳቱ አልቆመም፤ አላታልልሽም። በዚህ ወር የኔን ስም ሁለት ቀን አጥተውት ነበር፤ "አንቺ ሰፊዋ" እያሉ ሲጠሩኝ ሰነበቱ። ዕለት ዕለት የሚወስደው ነገር አለ።

ያቺን ሴትዮ ግን አልረሷትም። ለጎረቤቱ ሁሉ ያወሩላታል፤ "አንዲት ሴት መጣች፣ አስተካክላልኝ ሄደች።" ትናንት ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አላስችል አለኝና ጠየቅኳቸው።

"እማማ፣ ያቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ሰው ናት?"

ቢላውን አስቀምጠው አሰቡ። ይጠፋባቸዋል ብዬ ነበር።

"እናቷን የምትወድ ሴት ናት" አሉኝ። "በእናቷ ስትምልልኝ እኮ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ምነው ባላስማልኳት ብዬ ቆጨኝ።" ቢላውን መልሰው አነሱና፣ "ተመልሳ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ድንጋዩ ደህና ነው፣ ለሥራ አይደለም። ዝም ብላ ብትመጣ" አሉ።

እንግዲህ እኔ የማውቀው ይኼን ያህል ነው። ነይ። ማን ነሽ ቢሉሽም ነይ።

እህትሽ፣ ልብስ ሰፊዋ።